ነጥብ፣ ቁጥርና ጊዜ፦ የዶሜይን ስም መዝገብ አያያዝ በዩኒክስ ላይ

የዶሜይን ስም ሰርቨር ማስተዳደር ከሩቅ ሲያዩት የተወሳሰበ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን አብዛኛው ሥራ ተራ የጽሑፍ ፋይል ከፍቶ ማረም ነው። ፋይሉ በማንኛውም ኤዲተር ይከፈታል፣ በዓይን ይነበባል፣ የአንድ መለስተኛ ድርጅት መዝገብ ከሆነ ደግሞ ከመቶ መስመር ላይበልጥ ይችላል። ታዲያ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች እንኳ ለምን ይሰናከሉበታል? ችግሩ ያለው ጽሑፉ ከተነበበ በኋላ በሚሆነው ላይ ነው። ሰርቨሩ ያነበበውን ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል፤ የጠየቀውም የሰማውን ለተወሰነ ጊዜ ይዞ ይቆያል። በራሳችን ፋይል ላይ ያለውን ስሕተት በደቂቃ ማረም እንችላለን፤ በሌሎች ዘንድ የተቀመጠውን ቅጂ ግን መልሰን መሰብሰብ አንችልም። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው። የዚህ ሙያ ደንቦች አብዛኞቹ ከዚህ አንድ እውነት ይመነጫሉ።

መዝገቡ ለምን እንዲህ ተበታትኖ እንደሚኖር ለመረዳት ወደ መነሻው እንመለስ። የኢንተርኔት ቀዳሚ በነበረው በአርፓኔት ዘመን የኮምፒውተሮች ሁሉ ስምና አድራሻ በአንድ ፋይል ላይ ይጻፍ ነበር። ፋይሉን የሚይዘው በካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ የሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሲሆን፣ ሥራውን ትመራ የነበረችው ኤልዛቤት ፋይንለር ነበረች። አዲስ ኮምፒውተር የሚያገናኝ ሁሉ ለተቋሙ ያሳውቃል፤ ሌሎቹም የታደሰውን ፋይል እየገለበጡ ይወስዳሉ። ኮምፒውተሮቹ ሲበዙ ፋይሉ አደገ፣ ገልባጩ በዛ፣ ቅጂው እስኪደርስ ድረስም ይዘቱ ያረጅ ጀመር። በ1983 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፖል ሞካፔትሪስ ያቀረበው መፍትሔ መዝገቡን መከፋፈል ነበር፦ እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ይያዝ፣ ሌላው ሲፈልግ ይጠይቀው፣ መልሱንም ለጥቂት ጊዜ ያስታውሰው። በ1984 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አራት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይህን ሐሳብ ለዩኒክስ በፕሮግራም ጻፉት፤ ባይንድ ተባለ። ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት ባይንድ 9 የእሱ ዝርያ ነው። የጥንቱ ፋይልም ፈጽሞ አልጠፋም፤ በየዩኒክስ ማሽኑ ላይ ሆስትስ በሚል ስም አሁንም ይገኛል።

እያንዳንዱ የመዝገብ ክፍል ዞን ይባላል፤ የሚጻፍበትም ዞን ፋይል። በውስጡ ያለው አንድ መስመር አንድ ሪከርድ ሲሆን አምስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይይዛል፦ ስሙን፣ መልሱ የሚቆይበትን ጊዜ፣ መደቡን፣ የሪከርዱን ዓይነትና ራሱን መረጃውን። የኤ ሪከርድ ስምን ከአይፒ አድራሻ ጋር ያያይዛል። የኤምኤክስ ሪከርድ ኢሜይል የሚቀበለው ማሽን የትኛው እንደሆነ ይናገራል። የኤንኤስ ሪከርድ ለዞኑ የሚመልሱትን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ሲኔም ደግሞ አንድን ስም ለሌላ ስም ተለዋጭ ያደርጋል፤ ሲኔም ያለበት ስም ሌላ ተራ ሪከርድ ሊኖረው አይችልም፤ ስለዚህም በዞኑ ዋና ስም ላይ አይቀመጥም።

ዞን ፋይል የጸሐፊውን ድካም የሚቀንሱ አቋራጮች አሉት። የ@ ምልክት ራሱን የዞኑን ስም ይተካል። በባዶ ቦታ የሚጀምር መስመር ከላይ ያለውን ስም ይወርሳል። ከ ; ምልክት በኋላ የተጻፈው ለሰው እንጂ ለሰርቨሩ አይደለም። ከአቋራጮቹ ሁሉ ብዙ ጉዳት ያደረሰው ግን የነጥቡ ነው። በነጥብ ያልተዘጋ ስም ሁሉ ጎዶሎ ተብሎ ይወሰድና ከኋላው የዞኑ ስም ይቀጠልበታል። ለማስተማሪያነት በተከለለው በኤግዛምፕል.ኮም ዞን ውስጥ ነን እንበል። በኤምኤክስ ሪከርዱ ላይ «ሜይል» ብቻ ብንጽፍ ሰርቨሩ ሜይል.ኤግዛምፕል.ኮም ብሎ ይሞላዋል፤ ያሰብነውም ይኸው ነው። ሙሉውን ስም ጽፈን የመጨረሻዋን ነጥብ ብንረሳ ግን ሜይል.ኤግዛምፕል.ኮም.ኤግዛምፕል.ኮም ይሆናል። እንዲህ ያለ ስም በፋይሉ የአጻጻፍ ሕግ ምንም ነውር የለበትም፤ ችግሩ በዓለም ላይ እንዲህ የሚባል ማሽን አለመኖሩ ነው።

ይህ የጀማሪ ስሕተት ብቻ እንዳይመስለን የስዊድንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ጥቅምት 12 ቀን 2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ምሽት ላይ፣ የስዊድን ብሔራዊ ዶሜይን የሆነው የነጥብ ኤስኢ ዞን በተሳሳተ መልክ ተዘጋጅቶ ወጣ። ዞኑን የሚያመርተው ስክሪፕት በማሻሻያ ወቅት በትክክል ባለመስተካከሉ የመዝጊያዋን ነጥብ ሳይጨምር ቀርቶ ነበር። በዞኑ ሥር ከ900,000 በላይ ስሞች ነበሩ። ስሕተቱ በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ታወቀና ታረመ። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ውስጥ የጠየቁ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ሰርቨሮች የተሳሳተውን መልስ ይዘው ነበርና ችግሩ በየቦታው እስከ አንድ ቀን ድረስ ሊቆይ ቻለ። በምንጩ ላይ የአንድ ሰዓት የነበረው ስሕተት በቅጂዎቹ ላይ የአንድ ቀን ሆነ።

ልዩነቱን የሚወስነው ቲቲኤል የተባለው ቁጥር ነው። በሰከንድ ይለካል፤ ጠያቂው መልሱን ይዞ የሚቆይበትን የመጨረሻ ጊዜ ያሳያል። 86400 አንድ ቀን፣ 3600 አንድ ሰዓት፣ 300 አምስት ደቂቃ ነው። ረጅም ጊዜ የሰርቨሩን ሸክም ያቀላል፣ ሰርቨሩ ለአፍታ ቢወድቅም ተጠቃሚው ሳያውቀው እንዲያልፍ ያደርጋል። አጭር ጊዜ ደግሞ ለውጥ ቶሎ እንዲዳረስ ይረዳል። ስለዚህ ድረ ገጽን ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ማዛወር ሲታሰብ ሥራው የሚጀምረው ከዝውውሩ ቀደም ብሎ ነው። በመጀመሪያ ቲቲኤሉን ከ86400 ወደ 300 እናወርዳለን፤ አድራሻውን ግን አንነካም። ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን እንጠብቃለን፤ ምክንያቱም ከማውረዳችን ከአንድ ደቂቃ በፊት የጠየቀ ሰው በእጁ ያለው ቅጂ የአንድ ቀን ዕድሜ ያለው ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ አድራሻውን እንለውጣለን፤ ስሕተት ቢኖር እንኳ ጉዳቱ ከተስተካከለ በኋላ በአምስት ደቂቃ ያበቃል። ሁሉም ሲሰክን ቁጥሩን ወደ ቀድሞው እንመልሰዋለን።

«የለም» የሚለው መልስም እንደ ሌላው መልስ ይታወሳል። ገና ያልጻፍነውን ስም ቸኩለን ብንጠይቅ፣ የምንጠቀምበት ሰርቨር አለመኖሩን ይመዘግብና ስሙን ከጨመርን በኋላም «የለም» ማለቱን ይቀጥላል። ብዙዎች ፋይሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ደጋግመው የሚያርሙት በዚህ የተነሳ ነው። መጀመሪያ መጻፍ፣ ቀጥሎ መጠየቅ ይሻላል። የዚህ አሉታዊ መልስ ዕድሜ የሚወሰነው በ1998 በወጣው ደንብ መሠረት በኤስኦኤ ሪከርድ መጨረሻ ላይ ባለው ቁጥር ነው።

ኤስኦኤ የዞኑ ራስጌ ነው። የዋናውን ሰርቨር ስምና የኃላፊውን ኢሜይል ይይዛል፤ @ በፋይሉ ሌላ ትርጉም ስላለው በኢሜይሉ ውስጥ በእሱ ፈንታ ነጥብ ይገባል። ቀጥለው አምስት ቁጥሮች ይሰለፋሉ፤ የመጀመሪያው፣ ሲሪያል የሚባለው፣ ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። አንድ ዞን ቢያንስ ሁለት ሰርቨሮች ይኖሩታል፦ ፋይሉ የሚታረምበት ዋናው፣ ቅጂውን የሚይዘው ተከታይ። ተከታዩ የዋናውን ፋይል ይዘት መስመር በመስመር አያመሳክርም፤ ሲሪያሉን ብቻ አይቶ ከራሱ ከበለጠ ዞኑን ይገለብጣል፣ ካልበለጠ ይተወዋል። ከ1996 ወዲህ ዋናው ሰርቨር ለውጥ መኖሩን ለተከታዮቹ በማስታወቂያ ሊነግራቸው ይችላል፤ ያም ሆኖ ውሳኔው በቁጥሩ ነው። መዝገቡን አርሞ ሲሪያሉን ማሳደግ የረሳ ሰው እንግዲህ ዋናው ሰርቨር አዲሱን፣ ተከታዩ አሮጌውን እንዲናገሩ ያደርጋል። ከደንበኞቹ ገሚሱ ድረ ገጹን ያገኛል፣ ገሚሱ ያጣል፤ ያው ሰው እንኳ አሁን አግኝቶ ቆይቶ ሊያጣው ይችላል።

የተለመደው አጻጻፍ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን አስከትሎ የዕለቱን የለውጥ ተራ በሁለት አኃዝ መጨመር ነው፤ 2025031401 ማለት በ2025 በሦስተኛው ወር በ14ኛው ቀን የተደረገ የመጀመሪያ ለውጥ ነው። እኛ አገር አንድ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሁለት ባለሙያዎች አንዱ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ ዘመን አቆጣጠር ቢጽፉ ቁጥሩ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ተከታዩ ሰርቨርም ከዚያ በኋላ የሚደረገውን ለውጥ አይቀበልም። የትኛው አቆጣጠር እንደተመረጠ በፋይሉ ራስጌ ላይ ከ ; ምልክት በኋላ መጻፍ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ቁጥሩ በስሕተት ወደ ላይ ቢዘልስ? 2025031401 ለማለት 2052031401 ጽፈን ተከታዮቹ ገልብጠውት ነበር እንበል። ወደ ታች ብናወርደው አይሰሙንም። መውጫው ቁጥሩ ክብ መሆኑ ነው፦ እስከ 4294967295 ይሄድና ወደ ዜሮ ይዞራል፤ ከግማሽ ዙር ያልበለጠ ወደ ፊት መራመድም «መጨመር» ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ በተሳሳተው ቁጥር ላይ 2147483647 እንደምርና 4199515048 እንጽፋለን። ሁሉም ተከታዮች እስኪወስዱት እንጠብቃለን። ከዚያ ትክክለኛውን 2025031401 ስንጽፍ ዙሩን አልፎ የመጣ አዲስ ቁጥር ሆኖ ይታያቸዋል። አንድም ተከታይ በመካከለኛው እርምጃ ሳያልፍ ከቀረ ግን መፍትሔው አይሠራለትም፤ ሁሉንም በየተራ መጠየቅ ግድ ነው።

ከቀሩት ቁጥሮች ኤክስፓየር የሚባለው፣ ተከታዩ ዋናውን ካጣው በኋላ ስንት ጊዜ በያዘው ቅጂ ሊመልስ እንደሚችል ይወስናል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቢሆን ይመከራል። ጊዜው ሲያልቅ ተከታዩ መመለሱን ያቆማል። ዋናው ሰርቨር ወድቆ ማንም ሳያስተውል የሚቀረው በዚህ ነው፤ ተከታዩ ለሳምንታት ይሸፍንለትና አንድ ቀን ሁለቱም ዝም ይላሉ። ሁለቱን በአንድ ክፍል፣ በአንድ የኤሌክትሪክ መስመርና በአንድ የኢንተርኔት አቅራቢ ሥር ማስቀመጥም ሁለት ሰርቨር መያዝን ትርጉም ያሳጣዋል፤ በቦታም በኔትወርክም ይራራቁ።

የራሳችንን ፋይል ማረም የማይደርስባቸው ሁለት ቦታዎችም አሉ። አንደኛው የበላዩ ዞን ነው። በነጥብ ኢቲ ሥር ስም ያለው ድርጅት ሰርቨሮቹን ሲቀይር በራሱ ፋይል ያለውን የኤንኤስ ሪከርድ ማስተካከሉ ብቻ አይበቃውም፤ የነጥብ ኢቲ አስተዳዳሪ የሆነው ኢትዮ ቴሌኮም በያዘው መዝገብም መለወጥ አለበት፤ ያ እስኪሆን አሮጌዎቹን ሰርቨሮች አለመዝጋት ነው። ሁለተኛው አድራሻን ወደ ስም የሚመልሰው የግልባጭ ዞን ነው። በዚያ 192.0.2.10 አኃዞቹ ተገልብጠው 10.2.0.192 ሆኖ ይጻፋል። ዞኑ በአብዛኛው የአይፒ አድራሻውን በሰጠው አቅራቢ እጅ ነው፤ ብዙ የኢሜይል ሰርቨሮችም በዚህ ዞን ያለውን ሪከርድ አይተው ነው መልእክት የሚቀበሉት።

በዩኒክስ ማሽኑ ላይ ያለው የዕለት ሥራ እንግዲህ ቋሚ ቅደም ተከተል አለው። ፋይሉ በጊት ወይም በመሰል መሣሪያ ታሪኩ ተይዞ ይቀመጣል፤ ማን ምን መቼ እንደለወጠ እንዲታወቅ። ሪከርዱ ይታረማል፣ ሲሪያሉ ያድጋል። ቀጥሎ ከባይንድ ጋር የሚመጣው የዞን መፈተሻ ትእዛዝ ፋይሉን እንዲያነብ ይደረጋል፤ ነጥብ የጎደለውን የኤምኤክስ ስም የመሰለ ስሕተት እዚህ ላይ ሊያዝ ይችላል፣ በዞኑ ውስጥ አድራሻ የሌለው ስም መሆኑን ይናገራልና። ፍተሻው ካለፈ ያ ዞን ብቻ እንደገና እንዲነበብ የባይንድ መቆጣጠሪያ በሆነው በአርኤንዲሲ ትእዛዝ ይሰጣል። ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሳት አይመከርም። ዳግም ንባቡ ቢከሽፍ ሰርቨሩ በትውስታው ባለው በቀድሞው ዞን መመለሱን ይቀጥላል፤ አጥፍተን ካስነሳነው ግን ያ ቀድሞው ዞን ከትውስታው ይጠፋና የሚመልሰው አይኖረውም። ዞኑ በፕሮግራም የሚታደስ ከሆነ ደግሞ ለውጡ መጀመሪያ የሚጻፈው በጆርናል ፋይል ላይ ስለሆነ፣ በእጅ ከመነካቱ በፊት በአርኤንዲሲ ማቆም፣ ከታረመ በኋላ መልቀቅ ያስፈልጋል። በመጨረሻ ዲግ በተባለው መጠየቂያ እያንዳንዱን ሰርቨር በስሙ ጠርቶ ሲሪያሉን ማወዳደር ነው። ቁጥሮቹ አንድ ካልሆኑ ሥራው አላለቀም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ኤዲተሩን ከመክፈታችን አስቀድሞ ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ አሁን የምጽፈው ስሕተት ቢሆን ስንት ጊዜ ስሕተት ሆኖ ይቆያል? መልሱ እዚያው በዞን ፋይሉ ውስጥ በሰከንድ ተጽፏል፤ የጻፍነውም እኛው ነን። ቁጥሩ ካስፈራን ዛሬ ቁጥሩን አሳንሰን ለውጡን ለነገ እናቆየው።