አክሲዮንና ትዕግሥት

አክሲዮን የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር ብዙዎቻችን ጉዳዩ ነጋዴዎችን ብቻ የሚመለከት አድርገን እናልፈዋለን። የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ገንዘብ መጻፉም ለአንዳንዱ እንግዳ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ነገ ተመርቀን ደመወዝ የምንቀበለው እኛ ነን። ዛሬም ቢሆን በዓለም ገና፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መሬታቸውን ለፋብሪካና ለመኖሪያ ቤት ለቀው የካሣ ገንዘብ የተቀበሉ ወላጆች ያሏቸው ተማሪዎች በመካከላችን አሉ። «ይህን ገንዘብ ምን እናድርገው?» የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ የሚቀርበው ለተማረው ልጅ ነውና አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

በመሠረቱ አክሲዮን የገዛ ሰው ለድርጅቱ ገንዘብ አበደረ ማለት አይደለም፤ ከባለቤቶቹ አንዱ ሆነ ማለት ነው። ድርጅቱ ሲያተርፍ የትርፍ ድርሻ ይቀበላል፤ ሲከስር ግን «ገንዘቤን መልሱልኝ» ብሎ የሚከሰው የለም። ታዲያ ይህን ሥጋት ከመሸከም ገንዘቡን በቁጠባ ማስቀመጥ አይሻልምን? ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋው ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደረሰ። ለምሳሌ 100,000 ብር በ7 በመቶ ወለድ 10 ዓመት ቢቀመጥ 196,700 ብር ያህል ይሆናል። በነዚያው ዓመታት የገበያ ዋጋ በየዓመቱ በ20 በመቶ ቢጨምር ግን፣ መጀመሪያ በ100,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 619,000 ብር ያህል ይጠይቃል። ገንዘቡ በቁጥር እጥፍ ሆነ፤ የመግዛት ኀይሉ ግን ወደ ሢሶው ወረደ። ደኅና የሚሠራ ድርጅት በአንጻሩ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ ከገበያው ጋር ከፍ ማድረግ ስለሚችል፣ ባለአክሲዮኑ ከንረቱ የሚድንበት ተስፋ አለው። ይህም በአንድ ዓመት ሳይሆን በብዙ ዓመት የሚታይ ነው። ትዕግሥት የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ትዕግሥት ብቻውን እንደማይበቃ የራሳችን ታሪክ ያስተምረናል። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ባንክ ድጋፍ አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት ቡድን ተቋቁሞ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ብዙ ፋብሪካዎች ሲወረሱ ገበያውም አብሮ ጠፋ። ለልጆቹ ብሎ የያዘ ሰው ከቸኮለው ሰው የበለጠ አልተጠቀመም። በሰበታ በ1950ዎቹ የተቋቋመውን የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ እንመልከት። ከአብዮቱ በኋላ የመንግሥት ሆኖ ቆየ፤ በ2004 ዓ.ም. ዲያጆ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ኋላም ለቢ.ጂ.አይ. ተላለፈ። ፋብሪካው እዚያው ሰበታ ነው፤ ባለቤቱ ግን ተለዋወጠ። የድርጅት ዕድሜና የባለቤትነት ዕድሜ አንድ አይደሉም።

አሁን ገበያው እንደገና ተከፍቷል። የካፒታል ገበያ ዐዋጅ በ2013 ዓ.ም. ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በመጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አክሲዮኑን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለት 9,900 ብር ነበር። ስለዚህ በሩ ለባለጸጋ ብቻ የተከፈተ አይደለም። ለመግባት ለሚያስብ ግን የሚከተሉትን አቀርባለሁ።

1ኛ/ ለቤት ኪራይ፣ ለሕክምናና ለትምህርት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ። ቢያንስ ለ10 ዓመት የማይፈለግ ገንዘብ ብቻ ለአክሲዮን ይውላል። ተበድሮ መግዛት ከቶ አይገባም።

2ኛ/ ሀብትን በአንድ ቦታ አለማከማቸት። የሦስት ባንኮች አክሲዮን መያዝ ሦስት ዐይነት ሥራ መያዝ አይደለም፤ ባንኮችን ሁሉ የሚያናጋ ነገር ሲመጣ ሦስቱም ይናጋሉ። በአሜሪካ ጆን ቦግል በ1976 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ዘዴ አንድ ሰው በጥቂት ገንዘብ የብዙ መቶ ድርጅቶች ባለድርሻ ይሆናል። የእኛ ገበያ ግን ገና ጀማሪ ስለሆነ፣ መከፋፈሉን እያንዳንዱ ራሱ ሊያስብበት ይገባል።

3ኛ/ የድርጅቱን ጠቅላላ ትርፍ ሳይሆን ለአንዱ አክሲዮን የሚደርሰውን መቁጠር። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ካደረገ ወዲህ ባንኮች አዳዲስ አክሲዮኖች ሲሸጡ ቆይተዋል። ትርፉ አድጎ ባለድርሻው ከዚያ በላይ ቢበዛ፣ ለነባሩ ባለአክሲዮን የሚደርሰው ያንሳል።

4ኛ/ ሥራ ያልጀመረ ድርጅት «በዓመት እጥፍ ይሆንልሃል» ቢል፣ የተመረመረ ሂሳብ እስኪያሳይ ድረስ ገንዘብን አለመስጠት።

5ኛ/ ከገዙ በኋላ አለመተኛት። ዓመታዊ ሪፖርቱን ማንበብ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ተገኝቶ መጠየቅና ድምፅ መስጠት የባለአክሲዮን መብት ነው።

በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ይህ አምስተኛው ነው። መሬቱን ለቆ ካሣ የተቀበለ ገበሬ ማሳውን በየቀኑ እየዞረ ያየው ነበር፤ አረሙን ያውቃል፣ ውኃ የሚተኛበትን ያውቃል። በማሳው ፈንታ ወረቀት ሲይዝ ይህን ዕውቀት ያጣል። የተማረው ልጅ ተግባርም ሪፖርቱን አንብቦ፣ ወላጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ «የያዝነው ነገር እንዲህ ነው» ብሎ ማስረዳት ነው። ሳያውቁ ለብዙ ዓመት መያዝ ትዕግሥት ሊባል አይችልም።