ኮከቡ የማን ነው?
ስለ መርቼዲስ ቤንዝ ታሪክና ንግድ አጭር ጥናት



በሸደርና በጅጅጋ አካባቢ ያለው የሱማሌ አርብቶ አደር ግመሉን በጋለ ብረት ተኩሶ የጐሣውን ምልክት ያኖርበታል። ምልክቱም በሱማሌኛ ሱማድ ይባላል። ግመሉ ቢጠፋ ሱማዱን ያየ ሁሉ የማን እንደ ሆነ ያውቃል። የመኪና ፋብሪካም እንዲሁ በሥራው ላይ ምልክት ያኖራል፤ የዚህ ምልክት ጥያቄ ግን «የማን ነው?» ሳይሆን «ማን ሠራው?» የሚል ነበር። የጀርመኑ ባለ ኮከብ መኪና ከዚህኛው ጥያቄ ተነሥቶ ወደዚያኛው እንዴት እንደ ተሻገረ እንመልከት።

፩ኛ፤ ሥራው። ካርል ቤንዝ በማንሃይም ከተማ፥ በቤንዚን ሞተር ለሚሄደው ባለ ሦስት እግር ሠረገላ የፈጠራ መብት የጠየቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥር 29 ቀን 1886 ነው። በ1888 ባለቤቱ ቤርታ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ እስከ ፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘች። ነዳጅ ሲያልቅባት ከመድኃኒት ቤት ገዛች፤ ፍሬኑ ሲበላም ጫማ ሰፊ ቆዳ አለበሰላት። በዚያው ዘመን ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ ከቤንዝ ተለይተው፥ አብረው የራሳቸውን ሞተር ይሠሩ ነበር።

፪ኛ፤ ስሙ። ኤሚል ዬሊኔክ መሐንዲስ ሳይሆን ነጋዴ ነበር። በ1900 ከዳይምለር ኩባንያ 36 መኪና ሲያዝ፥ በልጁ በመርቼዲስ ስም እንዲጠራ ተዋዋለ። ስሙ በ1902 በሕግ ተመዘገበ፤ ለኮከቡም በ1909 የምዝገባ ማመልከቻ ቀረበ። ሦስቱ ጫፎች የብስን፥ ባሕርንና አየርን ያመለክታሉ። የአንደኛው ጦርነት ድህነት ሁለቱን ተወዳዳሪዎች አቀራርቦ በ1926 ዳይምለር ቤንዝ አደረጋቸው። በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ ግን ብዙ ሺህ ሰዎች በግዴታ ተግዘው በፋብሪካው እንደ ሠሩ መርሳት አይገባም።

፫ኛ፤ ንግዱ። ኩባንያው በ2023 ከ2 ሚሊዮን በላይ የቤት መኪና ሸጧል። ይሁን እንጂ ከ2022 ወዲህ ያወጣው ዕቅድ ብዛትን ሳይሆን፥ ከያንዳንዱ ውድ መኪና የሚገኘውን ትርፍ ያስቀድማል። ገዢው ለብረቱ ብቻ ሳይሆን ለስሙም ይከፍላል ማለት ነው። ባለቤትነቱም ቢሆን ጀርመናዊ ብቻ አይደለም፤ በ2021 ከአክሲዮኑ ወደ 20 በመቶ የሚጠጋው በሁለት የቻይና ባለ ገንዘቦች እጅ ነበር።

በአፍሪቃ ምልክቱ የሹመት መታወቂያ ሆነ። በምሥራቅ አፍሪቃ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ባለ ሥልጣኖቻቸውን «ዋቤንዚ»፥ የቤንዝ ጐሣ፥ ብለው ጠሯቸው። በእኛም አገር መኪና የሥልጣን ቋንቋ ነበረ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። የስሟም ትርጉም በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የቤንዝ ሞተር ቦታውን ለኤሌክትሪክ በሚለቅበት በዚህ ጊዜ ሁሉም እንደ ገና ተማሪ ሁኗል። ስለዚህ ጓደኞቼ፥ የሚያልፈውን መኪና ባየን ጊዜ «ማን ተሳፈረበት?» ማለትን ትተን «እንዴት ተሠራ?» ብንል፥ ከማየት ወደ መሥራት ለመሻገር የመጀመሪያው እርምጃ ይሆነናል።