ማስተዋል የሌለበት ቸርነት

ቸርነት መልካም ነው፤ ነገር ግን ማስተዋል ካልመራው ሊረዳው የወደደውን ሰው ይጎዳል። በካምቦዲያ አገር የሆነው ነገር ይህን ያስረዳል።

ከአውሮፓ፥ ከአሜሪካና ከአውስትራልያ ብዙ ባለጠጎች ወጣቶች በዕረፍታቸው ወራት በጎ ሥራ ለመሥራት ገንዘብ እየከፈሉ ወደዚያ አገር ይሄዱ ጀመር። ድሀ አገር ሁሉ ወላጅ በሌላቸው ሕፃናት የተሞላ ስለ መሰላቸው፥ የሙት ልጆች ማሳደጊያ እየጠየቁ ይገቡ ነበር። ፈላጊውም ሲበዛ ቤቱ በዛ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. 154 የነበረው በ2010 ዓ.ም. 269 ሆነ። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው ምርመራ እንደ ገለጠው፥ በዚያ ከሚኖሩት ልጆች ከአራቱ ሦስቱ ያህል አባት ወይም እናት ነበራቸው። ወላጆቹም ልጆቻቸውን የሰጡ ስለ ጠሉአቸው አይደለም፤ ምግብና ትምህርት ያገኛሉ ብለው ነው። አንዳንድ ክፉ ጠባቂዎችም እንግዳው አዝኖ ገንዘብ እንዲሰጥ ሕፃናቱን ሆን ብለው በጕስቍልና ያኖሩአቸው ነበር።

እንግዳው ጥቂት ሳምንት ተቀምጦ፥ ከሕፃኑ ጋራ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፥ ደስ ብሎት ወደ አገሩ ይመለሳል። ሕፃኑ ግን የለመደው ሰው ሁሉ ስለሚለየው ልቡ ይቈስላል። ለጉዞው የወጣው ገንዘብ ለሕፃኑ እናት ደርሶ ቢሆን ኖሮ፥ ልጅዋን በቤትዋ ባሳደገችው ነበር።

እንግዲህ ሰውን ለመርዳት የሚወድ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በሩን ሳያንኳኳ የሰውን ቤት ባዶ ነው አይበል። ድሀ ገንዘብ ቢያጣም የልጁን ፍቅር አላጣም፤ የሚረዳውም ሰው ከልጁ ሊለየው አይገባውም።