የባንክና የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ክፍያን አውቆ መጠቀም
ለአምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ



ገብስ ወይም ድንች ሸጣችሁ ትርፋችሁን ስታሰሉ የዘር፣ የማዳበሪያና የጉልበት ወጪ ትቀንሳላችሁ። ገንዘቡ ሲላክና ሲወጣ የሚቆረጠውን ግን ብዙዎቻችን አንመዘግበውም። እሱም ወጪ ነው።

1. የሚቆረጠው መቼ ነው?
ወደ ራስ ሂሳብ ማስገባት በአብዛኛው አያስከፍልም። የሚያስከፍለው ወደ ሌላ ሰው ወይም ወደ ሌላ ባንክ መላክ፣ ከወኪል ወይም ከሌላ ባንክ ኤቲኤም ማውጣት ነው። ቴሌብርም ሲቢኢ ብርም የየራሳቸው ታሪፍ አላቸው፤ ታሪፉ ይለወጣልና ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ።

2. ታክሱ በምን ላይ ነው?
15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚታሰበው በአገልግሎት ክፍያው ላይ እንጂ በምትልኩት ገንዘብ ላይ አይደለም። ለመለማመጃ ያህል ክፍያው 10 ብር ቢሆን ታክሱ 1 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ድምሩ 11 ብር ከ50 ነው። ሌላ ተቀናሽ ካለ ደረሰኙን ተመልከቱ።

3. ወጪ እንዴት ይቀንሳል?
• አትከፋፍሉ፦ እስከ 1,000 ብር ለመላክ 6 ብር፣ እስከ 5,000 ብር ለመላክ 10 ብር ይከፈላል እንበል። 4,000 ብር በአራት ጊዜ ብትልኩ ከነታክሱ 27 ብር ከ60 ይቆረጣል፤ በአንድ ጊዜ ከላካችሁ 11 ብር ከ50 ብቻ።
• ሳታወጡ ክፈሉ፦ የዕቃ ሻጩ በሞባይል የሚቀበል ከሆነ በቀጥታ ክፈሉት፤ የማውጫው ክፍያ ይቀርላችኋል።
• ቀድማችሁ ተስማሙ፦ ከጎንደር የመጣ ነጋዴ በሞባይል ልክፈል ካለ፣ የማውጫውን ክፍያ ማን እንደሚችል ዋጋ ስትቆርጡ ተነጋገሩ። እህሉ ከተጫነ በኋላ ክርክር አይጠቅምም።

4. ጥንቃቄ
ክፍያው ከሂሳባችሁ በራሱ ይቆረጣል። ወኪሉ በእጅ ተጨማሪ ብር ከጠየቀ ለምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ለአገልግሎት ሰጪውም አመልክቱ። መልእክት ማንበብ የሚከብዳችሁ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። የምስጢር ቁጥራችሁን ግን ለወኪልም፣ ለባንክ ሠራተኛም፣ ለእኛ ለግብርና ባለሙያዎችም አትስጡ።

የቤት ሥራ
ባለፈው ወር በስልካችሁ የደረሱትን የክፍያ መልእክቶች አውጥታችሁ የተቆረጠውን ደምሩ። ድምሩ ስንት ኪሎ ገብስ እንደሚገዛ አስሉና በሚቀጥለው ስብሰባ ወደ አርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ ይዛችሁ ኑ፤ የትኛው መቅረት ይችል እንደነበር በቡድን እንወያያለን።