ጥያቄና ጥየቃ

በአማርኛ «መጠየቅ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። «ምን ሆነሃል?» ስንል ጠየቅን እንላለን፤ የታመመ ሰው ቤት ሄደን አጠገቡ ስንቀመጥም ጠየቅን እንላለን። የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው ጥየቃ። ወንድምዎ፣ ልጅዎ ወይም ወዳጅዎ መኖር እንደከበደው ጠርጥረው «ምን ላድርግ?» እያሉ ከሆነ፣ ከእርስዎ የሚፈለገው አብዛኛው ነገር በእነዚህ ሁለት ትርጉሞች ውስጥ አለ። ሐኪም መሆን አይጠበቅብዎትም። ጥያቄውና ጥየቃው ለምን እንደሚረዱ ካወቁ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ሳይፈሩ ያደርጓቸዋል። ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር።

ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ኤድዊን ሽናይድማን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን ጉዳይ ለአሥርት ዓመታት አጥንቷል። እንደ እሱ አስተምህሮ፣ ሰውየው አጥብቆ የሚፈልገው ሞትን ሳይሆን ሊሸከመው ያቃተው የውስጥ ሕመም እንዲቆምለት ነው። አእምሮ እንዲህ ባለ ሕመም ሲያዝ ይጠብባል። ከችግሩ መውጫ ብዙ መንገድ ቢኖርም፣ በጠባብ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ከአንዱ በቀር አይታየውም። «ፈሪ ነው»፣ «ለቤተሰቡ አያስብም» የሚለው ፍርድ ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ብዙዎቹ እንዲያውም ለቤተሰባቸው ሸክም የሆኑ ስለሚመስላቸው፣ እነሱ ቢሄዱ ቤቱ የሚያርፍ ይመስላቸዋል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ሕመሙ እንዲቆም የሚፈልግ ሰው የመኖር ፍላጎቱም አብሮት አለ፤ ሁለቱ ፍላጎቶች በአንድ ልብ ውስጥ ይታገላሉ። ሁለተኛ፣ የትግሉ ከባድ ሰዓት አላፊ ነው። ሐዘኑና ችግሩ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥለው ጥድፊያ ግን ብዙ ጊዜ በሰዓታት፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል። ሪቻርድ ሳይደን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ጥናት፣ ራሳቸውን ሊያጠፉ ሲሉ ሌላ ሰው ደርሶ ያስቆማቸውን 515 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ከዓመታት በኋላ ከመቶ ከዘጠና የሚበልጡት ወይ በሕይወት ነበሩ፣ ወይ በተፈጥሮ ሞት አልፈው ነበር። «ዛሬ ብናስቆመው ነገ ያደርገዋል» የሚለው ተስፋ ቢስ አባባል እውነት አይደለም። ዛሬን ያለፈ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ አለፈው።

ይህን ከያዝን፣ ከባዱን ሰዓት የሚያመጣው ምን እንደሆነ እንይ። በብዙ ሰዎች ላይ ከጀርባ ያለው ድባቴ ነው። ድባቴ ተራ ሐዘን ማለት አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳይለቅ የሚቆይ፣ እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትንና ትኩረትን የሚያዛባ፣ ቀድሞ ደስ ይል የነበረውን ነገር ሁሉ ጣዕም የሚያሳጣ ሕመም ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በአካል ቋንቋ ነው፦ «ራሴን ያመኛል»፣ «ልቤን ይከብደኛል»፣ «ሰውነቴ ዛለ»። ድባቴ በምክክር ሕክምናም በመድኃኒትም ይታከማል። መድኃኒቱ ግን ሥራውን ለማሳየት ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ታካሚው ሕክምና ጀመረ ተብሎ ብቻውን መተው የለበትም፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲያውም ሰው የሚያስፈልግባቸው ናቸው።

ከድባቴ ጋር ተጣምሮ ነገሩን የሚያከፋው ሱስ ነው። አልኮልን እንውሰድ። በአንጎላችን የፊት ክፍል ስሜት ሲገፋን «ቆይ እስቲ» የሚል ፍሬን አለ፤ አልኮል በቅድሚያ ከሚያላላቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው። በሐሳቡና በድርጊቱ መካከል የነበረው ክፍተት በዚያው ልክ ይጠባል። መጠጡ ጭንቀትን ለሁለት ሰዓት ያደነዝዛል፤ ሲለቅ ግን ጭንቀቱ ከነወለዱ ይመለሳል። ጫትም የራሱ ዑደት አለው። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ምርቃናውን ያመጣል። ምርቃናው ሲወርድ መንፈስ አብሮ ይወርዳል፤ እንቅልፍም ይጠፋል። ያን ለመስበር ጨብሲ በሚል ስም አልኮል ይጠጣል። ለማቆም የሞከረም በዱካክ፣ ማለትም በሚያስጨንቅ ቅዠት፣ ይሠቃያል። አንድ ሰው ድባቴውን ለማስታገስ የጀመረው ነገር እንዲህ አድርጎ ድባቴውን ይቀልበዋል።

እዚህ ላይ ቤተሰብ በቅን ልቦና የሚሳሳትባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው «መጀመሪያ ሱሱን ይተው፣ የቀረው ከዚያ ይታያል» ማለት ነው። ሁለቱ አንዱ ሌላውን የሚመግቡ ስለሆነ፣ አንዱን ብቻ መያዝ በአንድ በኩል ውኃ እየቀዱ በሌላው እንደማፍሰስ ነው፤ አብረው መታከም አለባቸው። ሁለተኛው ስሕተት ለብዙ ዓመት በየቀኑ የጠጣን ሰው ቤት ዘግቶ በአንድ ቀን ማስተው ነው። አልኮልን የለመደ አካል በድንገት ሲከለከል መንቀጥቀጥ፣ የሚጥል ሕመምና መቃዠት ሊያስከትል ይችላል፤ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ ማቆሙ በሐኪም ክትትል ይሁን።

አሁን ወደ መፍትሔው ስንመጣ፣ ከባዱ ሰዓት አላፊ ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ በሰዓቱና በአደጋው መካከል ርቀት ማስገባት ነው። የዚህን ጉልበት በግልጽ ያሳየችው ስሪላንካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1995 እዚያ ከ100,000 ሰዎች 47 ያህሉ ራሳቸውን አጥፍተው ነበር፤ ዋናው መንገድ ለእርሻ ተብሎ ቤት የሚቀመጥ ፀረ ተባይ ነበር። መንግሥት እጅግ ገዳይ የሆኑትን ፀረ ተባዮች ደረጃ በደረጃ ከገበያ አስወጣ። በሃያ ዓመት ውስጥ ቁጥሩ 70 በመቶ ያህል ቀነሰ። ድህነቱ በሕግ አልተሻረም፤ የቤተሰብ ጠብም ከአገሩ አልጠፋም። የተለወጠው በጨለማው ሰዓት እጅ የሚደርስበት ነገር ነው። ትምህርቱ ለእኛም ቤት ይሠራል፦ ፀረ ተባይ፣ የተከማቸ መድኃኒትና የጦር መሣሪያ ካለ ከቤት ይውጣ፤ ዘመድ ወይም ጎረቤት ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጥ። ይህ ሰውየውን አለማመን አይደለም፤ ለሰዓቱ ማለፊያ ጊዜ መስጠት ነው።

ርቀቱን ለመፍጠር ግን መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለማወቅ ደግሞ ጥያቄ። «ምነው በወሰደኝ»፣ «ሞቼ ባረፍኩት» የሚሉ ቃላት በመካከላችን ለትንሽ ብስጭትም ስለሚነገሩ ጆሯችን ለምዷቸዋል። ስለዚህ ቃሉን ከሌላው ለውጥ ጋር አብረው ይስሙት። ከዕድርና ከማኅበር ርቋል? የሚወደውን ንብረት ማደል፣ እንደ ስንብት ያለ ነገር መናገር ጀምሯል? መጠጡ ጨምሯል? ለረጅም ጊዜ ሲጨነቅ ቆይቶ ያለ ምክንያት በድንገት ረጋ? እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ «ሆድ ይፍጀው» ብለው አይለፉት።

ብዙዎች እዚህ ላይ የሚፈሩት አንድ ነገር አለ፦ «ራስን ማጥፋትን በስሙ ከጠራሁት ሐሳቡን ባስገባበትስ?» ፍርሃቱ ቅን ነው፤ ግን ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ አንድ ጥናት፣ በኒው ዮርክ ግዛት በስድስት ትምህርት ቤቶች 2,342 ወጣቶች ለሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ ራስን ስለ ማጥፋት በቀጥታ ተጠየቁ፤ ገሚሶቹ አልተጠየቁም። የተጠየቁት ላይ ጭንቀቱም ሐሳቡም አልጨመረም። ድባቴ የነበረባቸው እንዲያውም ስለተጠየቁ ቀለል አላቸው። ምክንያቱን ለመረዳት ቀላል ነው፤ ሐሳቡ ካለ ቀድሞም አለ። ጥያቄው የሚጨምረው ሐሳብ ሳይሆን ሐሳቡን ብቻውን ሲሸከም ለነበረው ሰው ጓደኛ ነው።

ሲጠይቁ ሰው በሌለበት፣ ሳይቸኩሉ ይሁን። ለወንድምዎ ለምሳሌ፦ «ሰሞኑን ከብዶህ አያለሁ። እንዲህ ሲከብድ መኖር የሚያስጠላው ሰው አለ። አንተስ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለው ዝም ይበሉ። ዝምታው ቢረዝምም አይሙሉት። «አዎ» ካለ፣ እንዴትና መቼ ለማድረግ እንዳሰበ ይጠይቁት፤ መንገዱንና ጊዜውን የወሰነ ሰው አደጋው የቀረበ ነው። «ኃጢአት መሆኑን አታውቅም?»፣ «ስንት የባሰበት አለ»፣ «በርታ እንጂ» ማለት የተከፈተውን በር ይዘጋዋል። «እንኳን ነገርከኝ፤ አብረን እናልፈዋለን» ይበቃል። «ለማንም አትናገር» ካለዎት ግን ቃል አይግቡ፤ «ሊረዳህ ለሚችል ሰው እነግራለሁ፣ ከአንተ ደብቄ ግን አይደለም» ይበሉት።

አደጋው ከቀረበ ብቻውን አይተዉት፤ ይዘውት ይሂዱ። በኢትዮጵያ በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መነሻ ይሆናል፤ በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። አሜሪካ ያሉ በ988 በማንኛውም ሰዓት መደወል ይችላሉ። ፖሊስን ፈርተው ሕመምተኛ የሚደብቁ ቤተሰቦች አሉ፤ የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የሚቀጣው ሌላውን ለዚህ የገፋፋን ወይም የረዳን እንጂ የሞከረውን ሰው አይደለም። ጸበልና ሕክምናም አይጣሉም። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ ዘመን ምእመናን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ መክረዋል፤ ምክሩ እዚህም ይሠራል። የነፍስ አባት፣ ሼኽ ወይም ፓስተር ከሐኪም ጋር ሲቆሙ የታመመው ሰው ሁለት ደጋፊ አገኘ ማለት ነው።

ሰውየው ሲረጋጋ ከባለሙያ ጋር የደህንነት ዕቅድ ይጻፍ። ይህ ባርባራ ስታንሊና ግሪጎሪ ብራውን የተባሉ ባለሙያዎች ያዘጋጁት አጭር ጽሑፍ ነው። ሐሳቡ መምጣቱን የሚያስታውቁ ምልክቶች፣ ብቻውን ሊያደርጋቸው የሚችላቸው የሚያሳርፉ ነገሮች፣ ሊሄድባቸው የሚችሉ ቦታዎች፣ የሚደውልላቸው ሰዎች፣ የሐኪሙ ስልክ፣ ከቤት መውጣት ያለባቸው ነገሮች በቅደም ተከተል ይሰፍሩበታል። አስቀድሞ የሚጻፈው አእምሮ ሲጠብ መንገድ ስለማይታየው ነው፤ ሰፊ በሆነበት ቀን ለጠባቡ ቀን ይጽፋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ትርጉም ደርሰናል። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የተረፉ 1,867 ሰዎችን አጥንቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ። ገሚሶቹ የተለመደውን ሕክምና አግኝተው ሄዱ። ሌሎቹ በዚያ ላይ የአንድ ሰዓት ውይይት ተደረገላቸው፤ ከዚያም በ18 ወራት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ በስልክ ወይም በአካል ተጠየቁ። በጊዜው መጨረሻ ከመጀመሪያዎቹ 2.2 በመቶ፣ ከተጠየቁት 0.2 በመቶ ብቻ ራሳቸውን አጥፍተው ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ውድ መሣሪያ አልነበረም፤ «እንዴት ነህ?» ብሎ ተመልሶ መምጣት ነው። ከሱስ ለሚያገግም ሰውም ይኸው ይሠራል። ሱስ እንደ ወባ ያገረሻል፤ ባገረሸ ቀን የሚያጠፋው ኀፍረቱ ነው። «ዛሬ ጠጣሁ» ብሎ ሊነግረው የሚችል አንድ ሰው ያለው ቶሎ ይመለሳል።

ይህን የሚያነቡት ለራስዎ ከሆነ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ለሚያምኑት አንድ ሰው «ብቻዬን መሆን አልችልም፣ ና» ማለት ለዛሬ ይበቃል። አሁን የሚታይዎት ጠባቡ ቀዳዳ ነው፤ እንደሚሰፋ ብዙዎች አይተውታል።

የቀዶ ሕክምና አድርጎ የወጣን ሰው ሰፈሩ በሙሉ ብርቱካንና ዳቦ ይዞ ይጠይቀዋል። ከአእምሮ ሕክምና የወጣውን ግን «ምን እለዋለሁ?» በሚል ሐፍረት ብዙዎች ይሸሹታል፤ ከሆስፒታል የተወጣባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ደግሞ አደገኞቹ ናቸው። የሚባል ልዩ ነገር የለም። ብርቱካኑን ይዘው ይሂዱ፤ ቡና ይጠጡ፤ ስለ ሰፈሩ ያውሩ። ሲነሱ የሚመለሱበትን ቀን ይንገሩት። በዚያ ቀን ይምጡ።