ፀሐይ «ወጣ» ወይስ «ወጣች»?
የስም ጾታ ትምህርት በወላይታ ክፍል

እኛ ዕጩ መምህራን ነገ በሁምቦ፣ በቦሎሶና በዳሞት ገጠር ስንመደብ ከሚገጥሙን ነገሮች አንዱ የስም ጾታ ነው። አፉን በወላይትኛ የፈታ ልጅ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «ፀሐይ ወጣ»፣ ሴቷን ጓደኛውን ደግሞ «አንተ ና» ቢል ክፍሉ ይስቃል። የተሳቀበት ልጅ ታዲያ ሁለተኛ እጁን አያወጣም። ስለዚህ ምክንያቱን እንመርምር።

1. ልጁ ምን ያውቃል?
ወላይትኛ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህም በአንደኛ ደረጃ ይማሩበታል። ይህ ቋንቋ ወንዴና ሴቴ አለው። «ናኣ» ወንድ ልጅ፣ «ናእዮ» ሴት ልጅ ናት። ግሡም ይከተላል፦ «ዪሲ» መጣ፣ «ያሱ» መጣች። ግዑዝ ነገር ግን በአብዛኛው በወንዴ ይነገራል። «ኔኒ» ደግሞ አንተም አንቺም ማለት ነው። እንግዲህ ልጁ የሳተው ሰንፎ አይደለም፤ የቋንቋውን ሥርዓት ተከትሎ ነው።

2. የአማርኛው ሥርዓት
ሀ. ሰውና የቤት እንስሳ የተፈጥሮ ጾታቸውን ይከተላሉ፦ በሬው አረሰ፣ ላሟ ታለበች።
ለ. ግዑዝ ነገር ባብዛኛው ወንዴ ነው፦ ዛፉ ወደቀ። ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ መኪና፣ አገር ግን በሴቴ ይነገራሉ። አይጥም ጾታዋ ሳይታይ «ሮጠች» ትባላለች።
ሐ. ያነሰ ወይም የተወደደ ነገር ሴቴ ይሆናል፦ «ይህቺ ቤት»።
መ. በብዙ ቁጥር ልዩነቱ ይጠፋል፦ ወንዶቹም ሴቶቹም «መጡ»።

3. በሌላው ዓለም
የፖላንድ ቋንቋ ሦስት ጾታ አለው፦ ወንዴ፣ ሴቴና ግዑዝ። በዚህም አያበቃም፤ ወንዴው ተሳቢ ሲሆን ሕይወት ያለውና የሌለው በቅርጽ ይለያያሉ። በብዙ ቁጥር ደግሞ ወንዶች ለብቻቸው፣ ሴቶች፣ እንስሳትና ዕቃዎች ባንድ ወገን ይመደባሉ። የኛ አማርኛም ለሰው «ማን»፣ ለእንስሳና ለዕቃ «ምን» ብሎ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ቋንቋ ድንበሩን በራሱ ቦታ ያሰምራል ማለት ነው።

4. እንዴት እናስተምር?
ከሚታወቀው ወደማይታወቀው እንሂድ። በሰሌዳው ላይ «ዪሲ—መጣ፣ ያሱ—መጣች» ብለን ጎን ለጎን እንጻፍ። ፀሐይንና ጨረቃን በነጠላ ቃል ሳይሆን በዓረፍተ ነገር እናስለምድ። «አንተ» እና «አንቺ» በትእዛዝ ጨዋታ ቶሎ ይገባሉ፦ ና፣ ነይ፤ ተቀመጥ፣ ተቀመጪ። ልጁ ሲስት ትክክለኛውን ደግመን እንንገረው እንጂ አናስቅበት።

መልመጃ፦ «ጨረቃ»፣ «ድንጋይ»፣ «አይጥ»፣ «መኪና» በሚሉት ስሞች ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ የግሡን ጾታ አመልክቱ። ወላይትኛ ተናጋሪ ጓደኛችሁም በራሱ ቋንቋ ይናገራቸውና አወዳድሩ።