የመኪና ውኃ ሲጐድል ምክንያቱን ስለ መመርመር

በቅሎ ስትጠማ ትለግማለች፤ ሞተር ግን ውኃው አልቆ እስኪቃጠል ድረስ መሄዱን አይተውም። ስለዚህ ከጅጅጋ ወደ ሐረር ወይም ወደ ቶጎ ውጫሌ የከብት ክትባትና ዘር የሚያስጭን ሹም፥ የመኪናው ውኃ በየቀኑ እንደሚጐድል በተነገረው ጊዜ ነጂውን «ጨምርበት» ብሎ ብቻ ማሰናበት አይገባውም። ክትባቱ በመንገድ ላይ ሞቆ ቢበላሽ የሚጐዳው ከብት አርቢው ነውና። ውኃ ያለ ምክንያት አይጠፋም፤ የሚጠፋበትም መንገድ ሦስት ነው።

አንደኛው ወደ ውጭ መፍሰስ ነው። አሸዋ ጠብታን ስለሚጠጣ፥ ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን ተነጥፎ ይደር። ጠዋት እርጥበቱ ከራዲያተሩ፥ ከማኒኮቶው ወይም ከውኃ ፓምፑ በታች መሆኑ ይታያል። የደረቀ ፍሳሽም በብረቱ ላይ ነጭ ወይም ባለ ቀለም ቅርፊት ይተዋል።

ሁለተኛው በእንፋሎት መውጣት ነው። ጅጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ በዚያ በክፍት ዕቃ ያለ ውኃ በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግፊቱን አምቆ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ ይጠብቃል፤ ጎማው ያረጀ ክዳን ግን በካራማራ አቀበት ላይ ይለቀዋል። የላላ ቺንጋና በአቧራ የተደፈነ ራዲያተርም ይህንኑ ያስከትላሉ።

ሦስተኛው ወደ ሞተሩ ውስጥ መግባት ነው፤ ይህም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሲቃጠል ይሆናል። ምልክቱ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቋረጥ ነጭ ጢስ፥ በራዲያተሩ ውስጥ የሚወጣ አረፋ፥ ወይም እንደ ወተት የነጣ የሞተር ዘይት ነው። በውኃ የተበላሸ ዘይት ብረትን ከብረት መፋቅ አያድንምና፥ ይህ የታየበት መኪና በመካኒክ ሳይታይ ጉዞ አይጀምር።

ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን መክፈት ፊትና እጅ ያቃጥላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስም ብረቱን ይሰነጥቃል። በመንገድ ላይ ውኃ መጨመር ግድ ሲሆን፥ በብርካ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ በጨርቅ ተጠልሎ ቢገባ፥ በቧንቧው ውስጥ እንደ ኖራ ያለ ድንጋይ ከሚተው የጉድጓድ ውኃ ይሻላል።

ነጂው የጨመረውን ውኃ መጠንና የሄደበትን ኪሎ ሜትር በየቀኑ ይጻፍ። መዝገቡን የሚመረምር ሹም የማኒኮቶ ዋጋ ይከፍላል፤ የማይመረምር ግን የሞተር ዋጋ ይከፍላል።